አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ወጣት በእጁ ምን ይዟል?

ትምህርት ቤት የሚከፈተው በሁለት ታላላቅ ምክንያቶች ነው። አንደኛው የሰውን አእምሮ ለማብራት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰው በላቡ ሠርቶ እንዲያድርና ወገኑን እንዲጠቅም ለማስቻል ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን የተወ ትምህርት ቤት፣ በአንድ እግሩ እንደሚሄድ ሰው ሩቅ ሳይደርስ ይደክማል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ለመጀመሪያው ጉዳይ ብዙ ዓመታት ደክመዋል፤ ለሁለተኛው ግን ተራው ሳይደርሰው እንደ ቆየ አይካድም። እንግዲህ በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ወጣት አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ከትምህርት ቤት ሲወጣ፣ ነገ ጧት በአንድ ጽሕፈት ቤት ወይም በአንድ ሱቅ ተቀምጦ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ምንድን ነው?

ጥያቄው ለወሬ ያህል የተነሣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ከ800 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆኑ። በእርግጥ ለማለፊያው ነጥብ ከቀረቡት መካከል ብዙዎች በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲያገኙ ተደርጓል። ቢሆንም ከተፈታኙ የሚበዛው ወገን ከዩኒቨርሲቲ በር ውጭ ቀርቷል። ስለ ፈተናው ጥብቅነትና ስለ ትምህርቱ ጥራት ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። ከበሩ ውጭ የቀረው ወጣት በእጁ ምን ይዞ እንደ ቀረ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ትምህርቱ ሁሉ ለዩኒቨርሲቲ መሰላል ብቻ ተብሎ የተሠራ ከሆነ፣ ከመሰላሉ የወረደው ልጅ የአሥራ ሁለት ዓመት ድካሙን የሚቈጥርበት ነገር አያገኝም።

የጽሕፈት ቤት ሙያ ማለት ምን ማለት ነው?

አንዳንድ ሰዎች የንግድና የጽሕፈት ቤት ሙያ ሲባል ኮምፒዩተር መክፈትና መዝጋት ብቻ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ኮምፒዩተር መሣሪያ ነው፤ ሙያው ግን ከመሣሪያው ይቀድማል። ለምሳሌ ያህል የሒሳብ መዝገብን ብንመለከት፣ እያንዳንዱን ገንዘብ በሁለት ወገን የመጻፍ ዘዴ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1494 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በቬኒስ ከተማ ሲሆን፣ ጸሐፊውም ሉካ ፓቾሊ የተባለ የሒሳብ ሊቅና መነኩሴ ነበር። ዛሬ በእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው የሠንጠረዥ ሒሳብ ፕሮግራም አባት የሆነውን ቪዚካልክን ደግሞ ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ለገበያ ያቀረቡት በ1979 ነው። በሁለቱ መካከል ወደ አምስት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። መሣሪያው ሲለወጥ ሙያው አልተለወጠም። ቀድሞ አንድ ቁጥር ሲታረም ገጹን በሙሉ እንደገና መደመር ግድ ነበር፤ ዛሬ መኪናው በቅጽበት ያርመዋል። ይሁን እንጂ የትኛው ቁጥር በየትኛው ወገን መጻፍ እንዳለበት የሚወስነው እንደ ዱሮው ሰው ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ባለ ሱቅ በአንድ ወር ውስጥ የ40,000 ብር ዕቃ ገዝቶ ዕቃውን ሁሉ በ46,000 ብር ሸጠ እንበል። ከሽያጩም ውስጥ 9,000 ብሩ በዱቤ የተሰጠ ነው። ለሱቁ ኪራይ 3,500 ብር ከፈለ። በወሩ መጨረሻ ሣጥኑን ከፍቶ ሲቈጥር፣ ወሩ ሲጀመር ከነበረው ገንዘብ 6,500 ብር ጎድሎ ያገኘዋል። መዝገብ የማያውቅ ሰው ከሆነ «ከሰርኩ» ብሎ ይደነግጣል፤ ሱቁንም ለመዝጋት ያስብ ይሆናል። መዝገብ የሚያውቅ ግን ከ46,000 ላይ 40,000 እና 3,500 ቀንሶ 2,500 ብር ማትረፉን ይረዳል። ችግሩ ኪሳራ ሳይሆን በሰው እጅ ያለው የ9,000 ብር ዱቤ መሆኑንም ያውቃል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሱቁን መዝጋት ሳይሆን ዱቤውን መሰብሰብ ነው። እነሆ፣ ይህን ለመረዳት ከመደመርና ከመቀነስ የበለጠ ሒሳብ አያሻም። ሆኖም ሎጋሪዝምን ተምረው ይህን ሳይማሩ የወጡ ወጣቶች ቁጥር ቀላል አይደለም።

ደብዳቤም እንደዚሁ ነው። በአገራችን የመንግሥት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ የሚላክለት መሥሪያ ቤት፣ «ጉዳዩ» ተብሎ የሚሰመርበት አርእስት፣ ፍሬ ነገሩ፣ ፊርማና ማኅተም፣ በመጨረሻም ግልባጭ የሚደርሳቸው ክፍሎች ዝርዝር አለው። እያንዳንዱ ክፍል ምክንያት አለው። ቁጥሩ ደብዳቤው ከወጪ መዝገብ እንዲገኝ፣ አርእስቱ ኀላፊው ሳያነበው በፊት ለማን እንደሚመራው እንዲያውቅ፣ ግልባጩም የሚመለከተው ክፍል «አልሰማሁም» እንዳይል ነው። ይህን ምክንያት የተማረ ወጣት ደብዳቤውን በወረቀትም ይጻፈው በኢሜይል አይሳሳትም። ያልተማረው ግን ከሌላ ሰው የገለበጠውን ደብዳቤ ስም ብቻ ለውጦ ሲልክ፣ የፊተኛውን ሰው ጉዳይ በኋለኛው ላይ ጽፎ ሊገኝ ይችላል።

ከውጭ የመጣ መጽሐፍ የማያስተምረው

የጽሕፈት ቤት ቴክኖሎጂ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጥ ስንል ሌላም ምክንያት አለን። መኪናዎቹና ፕሮግራሞቹ የተሠሩት በሌላ አገር ስለሆነ፣ የኛን አገር ሥራ በነሱ ለመሥራት የራሳችን ዕውቀት ያስፈልጋል። ይህንም ዕውቀት ከፈረንጅ መጽሐፍ አናገኘውም።

መጀመሪያ የዘመን አቈጣጠራችንን እንመልከት። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የሠንጠረዥ ሒሳብ ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወራት ነው። አንድ ሠራተኛ የካቲት 30 ቀን 2017ን በቁጥር 30/6/2017 ብሎ ቢጽፍ፣ መኪናው ጁን 30 ቀን 2017 መስሎት ይቀበለዋል፤ እውነተኛው ቀን ግን በፈረንጆች ማርች 9 ቀን 2025 ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ፕሮግራሙ ቀን መሆኑን ትቶ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቈጥረዋል። ጳጉሜንማ ጨርሶ አያውቃትም። እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ሠንጠረዥ የአንድ ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመን ወይም የአንድ ውል የጊዜ ገደብ ቢሰላ ውጤቱ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በጡረታ የሚሰናበት ሰው ወራቱ ሊጎድሉበት፣ የውል ቀን ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ጥፋቱም የመኪናው ሳይሆን ያልተማረው ሠራተኛና ያላስተማረው ትምህርት ቤት ነው።

ሁለተኛው የፊደላችን ነገር ነው። ከሁለት መቶ የሚበልጡትን ፊደሎቻችንን በጽሕፈት መኪና ለማስገባት ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች ብዙ ደክመዋል። ኮምፒዩተር ከመጣም በኋላ ልዩ ልዩ ኩባንያዎችና ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የግዕዝ ፊደል ሠርተው ስለ ነበር፣ በአንዱ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆን ነበር። በ1999 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ ችግሩ መፍትሔ አግኝቷል። ቢሆንም በቀድሞው ዘዴ የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየመዝገብ ቤቱ ስላሉ፣ ወጣቱ ልዩነቱን ማወቅ ይገባዋል።

ከዚህም በላይ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ልዩ ልዩ የሆኑ ፊደሎች አሉን። ለኛ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ሴት ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። ፋይሏ በአንደኛው አጻጻፍ ገብቶ በሁለተኛው ቢፈለግ «የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ባለ ጉዳይዋም «ነገ ተመለሽ» ትባላለች። በዚህ ላይ እኛ ከአባት ስም ጋር የምንጠራ እንጂ የቤተ ሰብ ስም የምንይዝ አይደለንምና፣ «የመጨረሻ ስም» ብሎ በሚጠይቅ የውጭ ቅጽ ላይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል። ስለዚህ ስም እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ፋይል በምን ተራ እንደሚቀመጥ፣ አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያው መጽናት ምን ያህል እንደሚጠቅም ማስተማር ትንሽ ነገር አይደለም። የአንድ ዜጋ መብት በአንድ ፊደል ምክንያት ሊጠፋም ሊገኝም ይችላል።

ካለፈው ታሪካችን የምንማረው

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ላይ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትና የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፍተው ነበር። ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የወጡት ወጣቶች ለመሥሪያ ቤቶች፣ ለባንኮችና ለኩባንያዎች ጸሐፊዎችና የሒሳብ ሠራተኞች ሆነዋል። ያ ትምህርት ቤት ከፍ እያለ ሄዶ ኮሌጅ ሆነ፤ በኋላም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ለመሆን በቅቷል። በ1950ዎቹ ደግሞ አንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለሙ ትምህርት ጋር ንግድ፣ እርሻ፣ የእጅ ጥበብና የቤት አያያዝ እንዲሰጡ ተደርጎ ነበር።

ታዲያ ለምን ሥር አልሰደደም? ምክንያቱ የመሣሪያና የመምህር እጥረት ብቻ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የተጠናው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ ለብዙኀኑ ልጆች አጠር ያለና ከሥራ ጋር የተያያዘ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ወደ ላይ የሚያልፉት ግን ጥቂቶች እንዲሆኑ የሚል አሳብ አቀረበ። አሳቡ በ1966 ዓ.ም. ሲሰማ መምህራንና ወላጆች «የድኻ ልጅ ወደ ላይ እንዳይወጣ በር ሊዘጋበት ነው» ብለው ተቃወሙት። የመምህራኑ አድማም በዚያ ዓመት ከተነሡት የሕዝብ ንቅናቄዎች አንዱ ሆነ፤ ዕቅዱም ሳይፈጸም ቀረ። ከዚያ ወዲህ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሙያን ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አደረገው። በዚህም ጊዜ በአሥረኛ ክፍል ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘው ወደ መሰናዶ፣ ዝቅ ያለው ወደ ሙያ ስለ ተላከ፣ ሙያ በሕዝብ ዘንድ የወደቀ ልጅ ዕጣ ተደርጎ ታየ።

ከሁለቱም የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሙያ የሚናቀው በባሕርዩ ዝቅተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ለአንዳንዱ ብቻ፣ ያውም ለተሸነፈው ብቻ ስለሚሰጥ ነው። ጎበዙም ሰነፉም፣ የሀብታሙም የድኻውም ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ደብዳቤና መዝገብ ቢማሩ ግን የሚያፍር አይኖርም። ነገ ሐኪም የሚሆነውም የመድኀኒት ክምችት ይመዘግባል፤ መሐንዲስ የሚሆነውም ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፤ ገበሬ የሚሆነውም የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሒሳብ ይቈጣጠራል። ዕድሩንና ዕቁቡን እንኳ ብንመለከት ያለ ጸሐፊና ያለ ገንዘብ ያዥ አንድ ወር አይውልም አያድርም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብ አያያዝንና ግብይትን የመሰሉ የሙያ ዘርፎች በዕቅዱ ማስገባቱ መልካም ጅምር ነው። የሚፈለገው ጅምሩ እንደ ቀድሞዎቹ በወረቀት ላይ እንዳይቀር መጠበቅ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ ይቀርባል። የመጀመሪያው «መብራትና ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤት ይህ ሁሉ ከንቱ ምኞት ነው» የሚል ነው። እውነት አለበት፤ ሆኖም ከሙያው የሚበዛው ክፍል በደብተርና በእርሳስ የሚሰጥ ነው። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የገቢና የወጪ መዝገብ፣ የፋይል አያያዝ፣ የቀን ልወጣ፣ ይህ ሁሉ መብራት አይጠይቅም። እንዲያውም በ1990ዎቹ በየክፍሉ የተተከለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚያስታውሰን ነገር አለ። መሣሪያው መጣ፤ መምህሩ ግን ተመልካች ሆነ፤ ተማሪውም ትምህርቱ እየፈጠነበት ተቸገረ። መምህሩን ሳያዘጋጁ መሣሪያ መግዛት ምን እንደሚያስከትል ከዚያ ተምረናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዘመናዊ ነው። «ዛሬ ደብዳቤውን የሚጽፍ፣ ሒሳቡንም የሚያሰላ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷልና ልጆችን በዚህ ማድከም ለምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። ነገር ግን መኪናው የጻፈው ደብዳቤ ላይ የሚፈርመው ሰው ነው፤ ስሕተት ቢገኝበትም የሚጠየቀው የፈረመው ነው። ትክክለኛውን ደብዳቤ የማያውቅ ሰው የተሳሳተውን ሊለይ አይችልም። ቀድሞ ጸሐፊው ቀስ ብሎ ስለሚጽፍ ስሕተቱም ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ግን መቶ ደብዳቤ በአንድ ደቂቃ ሲወጣ ስሕተቱም በዚያው ልክ ይባዛል። ስለዚህ የመኪናው መርቀቅ የሰውን ዕውቀት ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል።

ሦስተኛው «ትምህርት ቤት የሰውን አእምሮ ማስፋት እንጂ ጸሐፊ ማፍራት የለበትም» የሚል ነው። እኛም ታሪክ፣ ሳይንስና ቋንቋ ይቅር አላልንም። በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ለሙያ መስጠት አእምሮን አያጠብም፤ ይልቁንም ጥርት አድርጎ ማሰብን ያለማምዳል። የሁለት ሰዓት ስብሰባን በአንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ አሳጥሮ፣ ማን ምን እንዳለና ምን እንደ ተወሰነ ሳያዛባ የጻፈ ተማሪ፣ ከብዙ ድርሰት የማይገኝ ጥንቃቄ ተምሯል።

ከእጅ ሙያ ጋር የሚሄድ ጠባይ

የጽሕፈት ቤት ሙያ ከጣት ፍጥነት ጋር ጠባይንም ይጠይቃል። በሰዓት መገኘት፣ ባለ ጉዳይን በትሕትና ማነጋገር፣ የማያውቁትን «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ማለት፣ የመሥሪያ ቤትን ምሥጢር መጠበቅ የሙያው ክፍሎች ናቸው። በተለይም የመጨረሻው ዛሬ በሕግ የታሰረ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ የሰውን ስም፣ ስልክና የጤና ሁኔታ የያዘ ዝርዝር እንደ ተራ ወረቀት የሚበተን አይደለም። የባለ ጉዳዮችን መታወቂያ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም የሚልክ ወጣት ሠራተኛ ሥራ ያፋጠነ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን የሰዎችን አደራ በአደባባይ አስቀምጦታል። ይህን ከመቀጠሩ በፊት በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቢማረው እንዴት በተሻለ ነበር!

ምን ይደረግ?

እንግዲህ የሚበጀው ምንድን ነው? አንደኛ፣ የሙያው ትምህርት ለሁሉም ተማሪ ይሰጥ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደውም መንገድ በምንም አይዘጋ። ሁለተኛ፣ ፈተናው የሥራ ፈተና ይሁን። «ደብዳቤ ስንት ክፍል አለው?» ተብሎ ከአራት ምርጫ አንዱን ማክበብ ሙያን አይመዝንም፤ ተማሪው ደብዳቤውን ጽፎ፣ መዝገቡን ዘግቶ ያሳይ። ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ መለማመጃ ይሁን፤ የክበባትን ገንዘብ፣ የቤተ መጻሕፍቱን መዝገብና የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ተማሪዎች በመምህር ተቈጣጣሪነት ይያዙ። አራተኛ፣ መሥሪያ ቤቶችና ነጋዴዎች በራቸውን ይክፈቱ። የጀርመን አገር ወጣት ሙያተኛ ከሳምንቱ የተወሰነውን ቀን በትምህርት ቤት፣ የቀረውን በድርጅት እየሠራ የሚማርበት ሥርዓት በ1969 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሕግ የጸና ነው። እኛ ያንን በሙሉ ለመቅዳት አቅማችን ባይፈቅድ እንኳ፣ ተማሪው በክረምቱ ጥቂት ሳምንታት በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር ተቀምጦ እንዲለማመድ ማድረግ አያቅተንም።

እዚህ ላይ በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁ ወጣት ሹማምንት አንድ ቃል አለን። ለልምምድ የሚላክላችሁን ተማሪ ቡና አምጪ ወይም ወረቀት አመላላሽ ብቻ አታድርጉት። አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ደብዳቤ ሲመራ፣ ፋይል ሲከፈት፣ ሒሳብ ሲመሳከር ይመልከት፤ ከዚያም ራሱ ሠርቶ ያሳያችሁ። ሲሳሳት ምክንያቱን ንገሩት። ለዚህ የምታጠፉት ሰዓት የባከነ አይደለም፤ ነገ ከጎናችሁ የሚቀመጠው ሠራተኛ እሱ ነውና።

እናንተም ተማሪዎች፣ ትምህርት ቤታችሁ እስኪያስተምራችሁ ድረስ አትጠብቁ። የአማርኛን ፊደል በአሥሩም ጣት መጻፍ ተለማመዱ። የቤታችሁን የአንድ ወር ገቢና ወጪ መዝግቡ። የክፍላችሁን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጻፉ። አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ማለታቸው፣ ባለ ሙያ የሆነ ሰው በወሬ ሳይሆን በሥራው ይታወቃል ለማለት ነው። የምስክር ወረቀት አንድ ሰው የት እንደ ተማረ ይናገራል፤ በትክክል የተዘጋ የሒሳብ መዝገብና ባለ ጉዳዩን ያላጉላላ ፋይል ግን ምን እንደ ተማረ ይመሰክራሉ። ትምህርት ቤቶቻችን ሁለቱንም ለወጣቱ አስይዘው ሲልኩት፣ በፈተናው ያለፈውም ያላለፈውም ልጅ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ አይመለስም።